በየትኛው የህንድ ቋንቋ እንጀምር? የሂንዲ፣ የታሚል፣ የቴሉጉ፣ የማላያላምና የፑንጃቢ ዘፈንና ፊልም ሲነጻጸሩ

«የህንድ ፊልም» ስንል ለረጅም ጊዜ የሂንዲ ፊልም ማለታችን ነበር፤ በሲኒማ ቤቶቻችንም በቪዲዮ ቤቶቻችንም በብዛት የገባው እሱ ነውና። ዛሬ ዩቲዩብና የክፍያ መተግበሪያዎች ሁሉንም ቀላቅለው ያቀርቡልናል። ታሚሉ በሂንዲ ድምፅ ይመጣል፣ ቴሉጉው በማላያላም፣ ፑንጃቢው ደግሞ ከሂንዲው ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ። አንድ ዘፈን ወድዶ ቋንቋውን ያላወቀ አድማጭ ተመሳሳዩን ሲፈልግ የማይገናኝ ነገር ላይ ይወድቃል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሞከረ በኋላም ይተወዋል። የህንድ ሕገ መንግሥት 22 ቋንቋዎችን በስም ይዘረዝራል። እዚህ የምናነጻጽረው ከሀገር ውጭ በቀላሉ የሚገኙትን አምስቱን ነው።

መለኪያዎቹ

አንደኛው ዘፈኑ የሚሠራው ሥራ ነው፦ ታሪኩን ያንቀሳቅሳል፣ ከበስተጀርባ ይሰማል፣ ወይስ ከፊልም ውጭ ራሱን ችሎ ይኖራል? ሁለተኛው በቅኝትና በምት ለጆሯችን ያለው ቅርበት ነው። ሦስተኛው ትርጉም ነው፤ በአማርኛ፣ ካልሆነም በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ። አራተኛው ዋናውን ቅጂ ሳይቆራረጥ የማግኘት ዕድል ነው። አምስተኛው ሳሎን ውስጥ ከልጆችና ከትልልቅ ሰዎች ጋር ሳይሳቀቁ የማየት ጉዳይ ነው።

የዩቲዩብ የእይታ ቁጥር መለኪያችን ውስጥ የለም። በ2011 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) የሕዝብ ቆጠራ ሂንዲን አፍ መፍቻዬ ያለው ሕዝብ 528 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን የማላያላም ተናጋሪ 35 ሚሊዮን ገደማ ነበር። አንድ የሂንዲ ዘፈን ከማላያላሙ አሥር እጥፍ ቢታይ ከጀርባው ያለውን ሕዝብ ብዛት ነው የሚነግረን፤ ስለ ዜማው የሚለው ነገር የለም።

ከቋንቋው በፊት ቅጂውን እንለይ

ብዙ ሰው «የታሚል ዘፈን አይጥመኝም» የሚለው የታሚል ዘፈን ሳይሰማ ነው። የሰማው በሂንዲ ደብ የተደረገውን፣ ማለትም ድምፁ በሂንዲ የተተካውን ነው። አንድ የደቡብ ህንድ ፊልም በአራት መልክ ሊደርሰን ይችላል፦ በዋናው ድምፅ ከጽሑፍ ትርጉም ጋር፣ በሌላ የህንድ ቋንቋ ደብ ተደርጎ፣ በአማርኛ ተተርጉሞ፣ ወይም በሌላ ቋንቋና በሌሎች ተዋናዮች እንደገና ተሠርቶ።

ደብ ሲደረግ ግጥሙ እንደ አዲስ ይጻፋል። ቃሉ ከተዋናዩ ከንፈር ጋር መግጠም ስላለበት ደራሲው ሐሳቡን ትቶ ድምፁን ይከተላል። ድምፃዊውም ብዙ ጊዜ ይለወጣል። በ1992 የወጣውና የዜማ ደራሲውን ኤ. አር. ራህማንን ለሀገሩ ያስተዋወቀው የታሚሉ «ሮጃ» ጥሩ ማሳያ ነው። ከፊልሙ የፍቅር ዘፈኖች አንዱን በታሚል የተጫወቱት ኡኒ መኖንና ሱጃታ ሲሆኑ፣ ያንኑ ዜማ በሂንዲ የዘፈኑት ኤስ. ፒ. ባላሱብራህማንያምና ኬ. ኤስ. ቺትራ ናቸው። ሁለቱም ግሩም ናቸው፤ ግን ሁለት የተለያዩ ዘፈኖች ናቸው። የወደዳችሁትን ስትፈልጉ የፊልሙን ስም ብቻ ሳይሆን የቋንቋውንና የድምፃዊውን ስም አብራችሁ ጻፉ።

በዩቲዩብ በነፃ የሚገኙት የሂንዲ ደብ ፊልሞች ሌላ ችግር አለባቸው፤ ርዕሳቸው ይቀየራል፣ ዘፈኖቻቸውም ብዙ ጊዜ ይቆረጣሉ። ይህን ለማረጋገጥ የፊልሙን ዋና ርዝመት ፈልጋችሁ ካገኛችሁት ቅጂ ጋር አነጻጽሩ። ዋናው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆኖ ደቡ 2 ሰዓት ከ10 ከሆነ፣ የጠፋው ግማሽ ሰዓት በአብዛኛው ዘፈን ነው። ለሙዚቃ ብላችሁ ከሆነ የምታዩት እሱን ቅጂ ተዉት።

ሰብታይትሉን (የጽሑፍ ትርጉሙን) ለብቻው አውርዶ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ይህ ይጠቅማል። ትርጉሙ ከመጀመሪያው አንስቶ በእኩል መጠን ቢቀድም ወይም ቢዘገይ በኮምፒውተር ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ «ጂ» እና «ኤች» ቁልፎች በ50 ሚሊ ሰከንድ እየገፉ ያስተካክሉታል። እስከ መጀመሪያው ዘፈን ልክ ሄዶ ከዚያ በኋላ በአንዴ አራት አምስት ደቂቃ ከዘገየ ግን ከቪዲዮው ላይ አንድ ዘፈን ተቆርጧል፤ የሰብታይትሉ ፋይል የሙሉው ፊልም ነው። በየደቂቃው ጥቂት በጥቂት እየራቀ ከሄደ የቪዲዮው ፍጥነት ይለያልና ቁልፉን መጫን ድካም ብቻ ነው፤ ሌላ ፋይል ፈልጉ።

በአማርኛ የተተረጎመው በሁለት ይከፈላል። አንዱ ተራኪ ከፊልሙ ድምፅ በላይ የሚናገርበት ትርጉም ፊልም ነው። ሁለተኛው እንደ ዚ ዓለም ባሉ ጣቢያዎች የቀረበው፣ ለየገጸ ባሕርዩ የተለያየ ሰው የሚናገርበት ተከታታይ ድራማ ነው። ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና ለትንንሽ ልጆች ሁለቱም ውለታ ናቸው፤ ታሪኩን ለመከታተል ይበቃሉ። የተራኪው ትርጉም ላይ ግን የፊልሙ ድምፅ ዝቅ ስለሚደረግ ሙዚቃው ይሳሳል። ስለዚህ ታሪኩን በአማርኛ አይቶ ዘፈኑን ለብቻው በዋናው ቋንቋ ማዳመጥ ይሻላል።

እንደገና የተሠራው ፊልም የሚያደናግረው ታሪኩ አንድ ሆኖ ሁሉም ነገር ስለሚለይ ነው። የ2013ቱ የማላያላም «ድሪሽያም» በካንናዳ፣ በቴሉጉ፣ በታሚልና በሂንዲ ተሠርቷል። የሂንዲውን አይቶ የጨረሰ ሰው የማላያላሙን ሲከፍት የወንጀሉን ምሥጢር አውቆ ነው የሚቀመጠው። የልብ ሰቀላ ፊልም ከሆነ መጀመሪያ ዋናውን እዩ።

የያዛችሁት ቅጂ ዋናው መሆኑን ለማወቅ ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የተዋናዩን ከንፈር ማየት ነው፤ በተለይ ካሜራው ፊቱን ቀርቦ ሲያነሳና ቃሉ «ም» እና «ብ» ሲኖርበት ከንፈሩ መገጠም አለበት። ሁለተኛው፣ ፊልሙ የሲኒማ ቤቱ ቅጂ ከሆነ ሲጀምር የሳንሱር ቦርዱ የምስክር ወረቀት ለጥቂት ሰከንድ ይታያል። እዚያ ላይ አቁሙት፤ ቋንቋው፣ የዕድሜ ደረጃውና ርዝመቱ ተጽፏል። ሦስተኛው ፖስተሩ ነው። የሂንዲ ፊደል ከላይ በአግድም መስመር ይያያዛል። ፑንጃቢም መስመር አለው፤ የፊደሉ ቅርጽ ግን ይለያል። የቴሉጉ ፊደል ክብ ሆኖ ብዙዎቹ ከአናታቸው ላይ የ«ትክክል» ምልክት የመሰለ ጭረት አላቸው፣ ማላያላም ያለ ጭረት ክብ ነው፣ ታሚል ደግሞ ቀጥ ያለ ማዕዘንና ክብ ይቀላቅላል።

ሂንዲ

ማዕከሉ ሙምባይ ነው። ቀላሉ መግቢያ እሱ መሆኑ አያከራክርም፤ ትርጉሙ ብዙ ነው፣ ዋናው ቅጂ በየመተግበሪያው አለ፣ የግጥም ትርጉም የሚያቀርቡ ገጾችም ሞልተዋል። ግጥሙ ብዙ የዓረብኛ ቃል ካለው ከኡርዱ ቋንቋ ጋር የተዛመደ ስለሆነ በዓረብ አገር ኖሮ ዓረብኛ የለመደ ሰው ሳያስበው ብዙ ቃል ይይዛል።

ሀብቱ ያለው ግን በአሮጌው ላይ ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩት ዘፈኖች ግጥማቸውን የጻፉት እንደ ሳሂር ሉዲያንቪ ያሉ የታወቁ የኡርዱ ገጣሚዎች ናቸው። ድምፁም የላታ ማንጌሽካር፣ የአሻ ቦስሌ፣ የመሐመድ ራፊና የኪሾር ኩማር ነው። ተዋናዩ ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ስለዚህ አሮጌ የሂንዲ ዘፈን በተዋናይ ስም አትፈልጉ፤ በድምፃዊና በዜማ ደራሲ ስም ፈልጉ። ራፊን ከወደዳችሁ በእሱ ስም የሚወጣው ዝርዝር በአሥር የተለያዩ ተዋናዮች አፍ የተዘፈነ ይሆናል።

የዘመኑ ሂንዲ ሁለት ደካማ ጎን አለው። አንደኛው የድሮ ዘፈን መልሶ መሥራት ነው፤ ምቱ ይፈጥናል፣ ከግጥሙ ሁለት ስንኝ ይቀራል፣ ሌላው በአዲስ ይሞላል። ርዕሱ አንድ ስለሆነ ፍለጋ ላይ አዲሱ ይቀድማል፤ ዓመቱን አብራችሁ ጻፉ። ሁለተኛው፣ ለሰርግ ጭፈራ የሚወደዱት ብዙዎቹ «የሂንዲ» ዘፈኖች በግጥምም በምትም ፑንጃቢ ናቸው። እነሱን ከወደዳችሁ የምትፈልጉት ነገር ከታች ያለው አምስተኛው ምርጫ ነው።

ለቤተሰብ የድሮው ሂንዲ አስተማማኝ ነው። በአዲሱ ላይ ግን ከታሪኩ ጋር ግንኙነት የሌለው፣ ለጭፈራ ብቻ የገባ ዘፈን ስለሚኖር ከልጆች ጋር ከመቀመጣችሁ በፊት የዘፈኖቹን ቪዲዮ ለብቻ እዩ።

ታሚል

ለአማርኛ አድማጭ በሙዚቃ በኩል ከሁሉ የምናስቀድመው ታሚልን ነው። ምክንያቱን በዝርዝር እንበለው።

የታሚል ናዱ የፊልም ከተማ ቼናይ ናት። እዚያ የዜማ ደራሲው ከተዋናዩ እኩል ይከበራል፤ ፊልሙ ከመውጣቱ ሳምንታት ቀድሞ ዘፈኖቹ በየተራ ይለቀቃሉ፣ አድማጩም ስማቸውን የሚጠራው በዜማ ደራሲው ነው። በ1976 የጀመረው ኢላያራጃ ከ1,000 በላይ ለሚሆኑ ፊልሞች ሙዚቃ ሠርቷል። የገጠር ከበሮና ዋሽንትን ከምዕራቡ የቫዮሊን ቡድን ጋር በኖታ ጽፎ ያዋሃደ ሰው ነው። ከእሱ ቀጥሎ ራህማን መጣ፤ በ2009 ሁለት ኦስካር ወሰደ። ዛሬ ደግሞ አኒሩድ ራቪቻንደር አለ። ሦስቱን በቅደም ተከተል ማዳመጥ የግማሽ ክፍለ ዘመን የሙዚቃ ታሪክ ይሰጣል።

ቅርበቱን በጆሮ ማረጋገጥ ይቻላል። በደቡብ ህንድ ሞሃናም፣ በሰሜን ቡፓሊ የሚባለው ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት፤ ድምፆቹ የእኛ ትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። በኪቦርድ ላይ ከዶ ብትነሱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። ሹዳ ዳንያሲ የሚባለው ከባቲ ማይነር ጋር፣ በሰሜን ጉንካሊ የሚባለው ደግሞ ከአምባሰል ጋር አንድ ዓይነት ድምፆች ይጋራሉ። የሚለየው አካሄዱ ነው፤ የህንዱ ድምፃዊ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው እየተንሸራተተና እያወዛወዘ ይሄዳል፣ የሚያርፍበትም ቦታ ይለያል። ኢላያራጃ ሞሃናምን ደጋግሞ ተጠቅሞበታል። «ሞሃናም» ከሚለው ስም አጠገብ የእሱን ስም ጽፋችሁ ፈልጉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘፈኖች እንግዳ አይሆኑባችሁም።

ምቱም እንዲሁ ነው። ኩቱ የሚባለው የታሚል የሰፈር ጭፈራ ብዙ ጊዜ በስድስት ስምንት ምት ይሄዳል፤ የእኛ ችክችካ የሚቆጠርበት ቁጥር ነው። ሰርግ ላይ ብታጫውቱት ትከሻ ያነሳል።

ችግሩ ትርጉም ላይ ነው። የታሚል ፊልም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይገኛል፤ የዘፈኑ ግጥም ግን ብዙ ጊዜ ሳይተረጎም ይታለፋል። ለዚህ መፍትሔው የግጥም ቪዲዮ የሚባለውን መፈለግ ነው። ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት የሚለቀቀው እሱ ነው፤ ግጥሙ ከዜማው ጋር እኩል በጽሑፍ ይታያል። ሙሉው የጭፈራ ቪዲዮ የሚለቀቀው ብዙውን ጊዜ ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከገባ በኋላ ስለሆነ ቀድሞ የሚገኝ «ሙሉ ቪዲዮ» የተቆራረጠ ወይም የውሸት ነው።

የአክሽን ፊልሞቹ ባለፉት ዓመታት ደም አብዝተዋል። ለልጆች የሚሆነውን በዕድሜ ደረጃው ለዩ፤ ይህ ለአምስቱም ቋንቋ ይሠራል። «ዩ» ለሁሉም፣ «ኤ» ለአዋቂ ብቻ ነው። መሐል ላይ ያለው «ዩኤ» ከ2024 ወዲህ 7+፣ 13+ እና 16+ ተብሎ ተከፍሏል።

ቴሉጉ

ማዕከሉ ሃይደራባድ ነው፤ ቋንቋው የሚነገረው በአንድራ ፕራዴሽና በ2014 ከእሷ በተለየችው ቴላንጋና ነው። ትልቅ ስክሪን፣ ትልቅ ጦርነት፣ ብዙ ሰው በአንድነት የሚጨፍርበት ዘፈን ለሚወድ ሰው አንደኛው ምርጫ ይኸው ነው። በመጋቢት 2023 ኦስካር የወሰደው የ«አር አር አር» ፊልም ዘፈን የቴሉጉ ነው፤ ዜማው የኤም. ኤም. ኪራቫኒ፣ ግጥሙ የቻንድራቦስ።

ቴሉጉ ቃሎቹ በአብዛኛው በአናባቢ ስለሚያልቁ ለዜማ ይመቻል። በ1767 ተወልዶ በ1847 ያረፈው፣ ከደቡብ ህንድ ክላሲካል ሙዚቃ ታላላቅ ደራሲዎች አንዱ የሆነው ትያጋራጃ የኖረው በታሚል አገር ሆኖ መዝሙሮቹን የጻፈው በቴሉጉ ነበር፤ የታሚል ድምፃውያን እስከ ዛሬ ይዘምሩታል። ባላሱብራህማንያምም የቴሉጉ ተወላጅ ሆኖ በታሚልና በሂንዲ የነገሠ ነው። ስለዚህ ታሚልን የወደደ ጆሮ ቴሉጉ ላይ ባይተዋር አይሆንም።

እዚህ የሚያስቸግረው ዋናውን ድምፅ ማግኘት ነው። ትልልቆቹ ፊልሞች ሲጀመር አንስቶ በአምስት ቋንቋ ስለሚለቀቁ መተግበሪያዎች መብቱን ተከፋፍለው ይገዛሉ። «አር አር አር» በግንቦት 2022 ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ በሂንዲ ብቻ ነበር፤ ቴሉጉው የወጣው ዚ5 ላይ ነው። ኔትፍሊክስ ከፍቶ ያየ ሰው በደብ ነው ያየው። ከመክፈላችሁ በፊት የፊልሙን ገጽ ከፍታችሁ «ድምፅ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ቴሉጉ መኖሩን እዩ። ምዝገባውን ከአንድ ወር በላይ አትግፉት፤ ለአንድ ፊልም አንድ ወር ይበቃል።

ርዝመቱንም አስቡበት። ሦስት ሰዓት የሚነካ ፊልም የተለመደ ነው፤ መሐል ላይ የሚመጣው የዕረፍት ጽሑፍ ለሁለት ምሽት ለመክፈል የተመቸ ቦታ ነው።

ማላያላም

ስለ ፊልም ብቻ ከሆነ ጥያቄው፣ ለጥሩ ታሪክ ከአምስቱ አንደኛ ማላያላም ነው። ማላያላም የሚነገርባት የኬረላ ግዛት ፊልም ባነሰ ገንዘብ ይሠራል፤ ሰዎቹ የሚኖሩበት ቤት፣ የሚበሉት ምግብ፣ የሚጣሉበት ምክንያት የሚታመን ነው። ዘፈን አለ፤ ግን ተዋናዩ ብዙ ጊዜ ተነሥቶ አይጨፍርም። ዘፈኑ ከበስተጀርባ እየተሰማ ቀናት ያልፋሉ፣ ሰው ይሰደዳል፣ ልጅ ያድጋል። «የህንድ ፊልም ዘፈን አበዛ» የሚል ሰው መጀመር ያለበት እዚህ ነው።

ዱባይ፣ ዶሃና ኩዌት ላለ አንባቢ ቅርበቱ ከሌላው ይበልጣል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የኬረላ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ሲኒማ ቤቶቹም የማላያላም ፊልም አዘውትረው ያሳያሉ፤ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዴም በዓረብኛ ነው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የጽሑፉን ቋንቋ በመግዣው ገጽ ላይ አረጋግጡ። ደግሞ በስደት ያለ ሠራተኛ ሕይወት የዚህ ፊልም ዋና ጉዳይ ከሆነ ቆይቷል፤ ቤተሰቡን ለማኖር ወደ ዓረብ አገር የሄደ ሰው ታሪክ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልገውም።

በዘፈን በኩል የኬ. ጄ. ዬሱዳስን ድምፅ መነሻ አድርጉ። ከፊልም ውጭ ደግሞ ማፒላ የሚባሉት የኬረላ ሙስሊሞች የራሳቸው ዘፈን አላቸው፤ በጭብጨባና በዱፍ ከበሮ የሚታጀብ ነው። መንዙማ የለመደ ጆሮ ቶሎ ይገባበታል።

ድክመቱ፦ ንግግሩ ፈጣን፣ ቀልዱ የአካባቢ ስለሆነ ሰብታይትሉ ካልጠራ ግማሹ ያመልጣል። በአማርኛ የተተረጎመም ከሂንዲው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ፑንጃቢ

ይህኛው ከአራቱ በመሠረቱ ይለያል፤ ኮከቡ ተዋናይ ሳይሆን ድምፃዊው ነው። ዘፈኑ ፊልም አይጠብቅም፤ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ይረዝማል፣ በነጠላና በአልበም ይወጣል። በሁለት ዱላ የሚመታው ዶል ከበሮ፣ ባለ አንድ ክሯ ቱምቢና ጥንዱ ዋሽንት አልጎዛ የድሮው መሠረት ናቸው። እንግሊዝና ካናዳ ያለው ስደተኛ ደግሞ ሂፕሆፕን ጨመረበት። ዲልጂት ዶሳንጅ በ2023 በአሜሪካው የኮቼላ የሙዚቃ ፌስቲቫል መድረክ ላይ በፑንጃቢ ዘፍኗል።

ለመኪና፣ ለጂምና ለሰርግ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ለሳሎን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአዲሶቹ ዘፈኖች ብዙዎቹ መጠጥና መሣሪያ ያወድሳሉ፤ በ2019 የፑንጃብና ሃርያና ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉት ዘፈኖች በመድረክ እንዳይዘፈኑ እስከማዘዝ ደርሷል። ለቤተሰብ የሱሪንደር ኮርን የሕዝብ ዘፈኖችና የጉርዳስ ማንን ሥራዎች አስቀድሙ። የፑንጃቢ ፊልም አብዛኛው ቀላል ኮሜዲ ነው፤ ለመጀመሪያ ምርጫ አናቀርበውም።

ካንናዳ፣ ቤንጋሊና ማራቲ የየራሳቸው ትልቅ ሀብት አላቸው። ከእነዚህ አምስቱ አንዱን ከለመዳችሁ በኋላ ይድረሱባቸው።

በአጭሩ

| መለኪያ | ሂንዲ | ታሚል | ቴሉጉ | ማላያላም | ፑንጃቢ |
|---|---|---|---|---|---|
| የዘፈኑ ሥራ | ታሪክ ያንቀሳቅሳል | ታሪክ ያንቀሳቅሳል፣ ቀድሞም ይለቀቃል | ትልቅ ጭፈራ | ከበስተጀርባ | ከፊልም ውጭ |
| ለጆሯችን ቅርበት | መካከለኛ፤ ድሮው ከፍ ያለ | ከፍተኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ | በምት ከፍተኛ |
| ትርጉም | ብዙ፣ በአማርኛም | እንግሊዝኛ፤ ግጥሙ ይቀራል | እንግሊዝኛ፤ ደቡ ይበዛል | እንግሊዝኛ፣ አንዳንዴ ዓረብኛ | ጥቂት |
| ዋናውን ማግኘት | ቀላል | መካከለኛ | ያስቸግራል | መካከለኛ | ዘፈኑ ቀላል |
| ለቤተሰብ | ድሮው ጥሩ | ደረጃው ይታይ | ደረጃው ይታይ | ጥሩ፤ ደረጃው ይታይ | ተመርጦ |
| የሚጀመርበት | ራፊ፣ ላታ | ኢላያራጃ፣ ራህማን | ኪራቫኒ | ዬሱዳስ | ሱሪንደር ኮር |

ለማን የትኛው

ለወላጆች ወይም ለአያቶች የምትመርጡ ከሆነ የድሮ ሂንዲ ይሁን፤ ፊልሙ በአማርኛ ትርጉም፣ ዘፈኑ በዋናው። ሂንዲን ያላዩ ወጣቶች ከሆኑ በቴሉጉ ትልልቅ ፊልሞች ጀምረው ወደ ታሚል ይሻገሩ። ሙዚቃ የሚጫወት ወይም የሚያቀናብር ሰው ጊዜውን ለኢላያራጃ ይስጥ፤ የባስና የቫዮሊን መስመሮቹን ለየብቻ ለመስማት የጆሮ ማዳመጫ ይጠቀም። ዘፈን የማይወድ ፊልም ወዳድ ማላያላም ይያዝ። የሰርግ ዲጄ ፑንጃቢና ኩቱ ያዘጋጅ፤ ግን ግጥሙን ለሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ያሰማ፤ በእንግዶች መካከል ቋንቋውን የሚረዳ ቢኖር መጠጥና ጠመንጃ የሚያወድስ ዘፈን ለሰርግ ያሳፍራል።

ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ስሌቱ ይህ ነው። በ128 ኪሎ ቢት የሚመጣ ድምፅ በደቂቃ 1 ሜጋ ባይት ገደማ ይበላል፤ በ1 ጊጋ ባይት ባለ አምስት ደቂቃ ዘፈን 200 ያህል ይደመጣል። በ480 ጥራት የሚታይ ቪዲዮ ግን በሰዓት ግማሽ ጊጋ ባይትና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ያው 1 ጊጋ አንድ የቴሉጉ ፊልም አያስጨርስም። ስለዚህ በትንሽ ጥቅል የሚጀምር ሰው ፊልሙን ለዋይፋይ ትቶ በዘፈን ይጀምር። የሙዚቃ አሳታሚዎቹ በራሳቸው የዩቲዩብ ቻናል ላይ የአንድ ፊልም ዘፈኖችን ሁሉ «ጁክቦክስ» በሚል ስም በአንድ ቪዲዮ ይጭናሉ፤ ምስሉ ብዙ ጊዜ አንድ ፖስተር ብቻ ስለሆነ ጥራቱን ወደ 144 ብታወርዱት ከምስሉ የሚቀርባችሁ ነገር የለም። መግለጫው ውስጥ የየዘፈኑ መነሻ ደቂቃ፣ የድምፃዊው፣ የገጣሚውና የዜማ ደራሲው ስም ተዘርዝሯል። የወደዳችሁትን ዘፈን ድምፃዊ ከዚያ ቅዱና ቀጣዩን ፍለጋ በእሱ ስም ጀምሩ።